«ተምረሃልና ጻፍልን» ለሚሉን ምን እንመልስ?



ከጥቂት ወራት በኋላ አብዛኞቻችን በየገጠሩ እንመደባለን። ሻንጣችንን ገና ሳንፈታ፣ ጠመኔም ሳንጨብጥ የሚጠብቀን አንድ ሥራ አለ፤ በሥልጠናችን ውስጥ ግን አልተጻፈም። ይኸውም አመሻሽ ላይ በራችን እየተንኳኳ «መምህር፣ እባክዎ አንዲት ወረቀት ይጻፉልኝ» መባል ነው። አንዱ ገንዘብ አበድሮ ውል ይፈልጋል፤ ሌላዋ የልጇ አባት ቀለብ አልሰጥም ብሏት አቤት ልትል ትሻለች፤ ሽማግሌው ደግሞ ሳይመሽባቸው መናዘዝ ይፈልጋሉ። ጠበቃ ያለው ከተማ ነው፤ ከተማው ሩቅ ነው፤ መምህሩ ግን እዚሁ ነው። በአገራችን ፊደል የቆጠረ ሰው ወደደም ጠላም የጎረቤቱ ጸሐፊ ነው።

ታዲያ እሺ ብለን እንጻፍ? ወይስ «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» እንበል? በዚህ ጉዳይ ላይ በመኝታ ቤታችን ብዙ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን «ምን ችግር አለው፣ ቅጹን አግኝቶ ስም መሙላት ነው» እንላለን። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ ለማስረዳት ከመካከላችን አንዱ የደረሰበትን በፈቃዱ እንጽፋለን።

ጓደኛችን 12ኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት በሚጠባበቅበት ክረምት አንድ የሠፈሩ አዛውንት ታመው አስጠሩት። «ልጄ፣ አንተ የቀለም ሰው ነህ፤ ኑዛዜዬን ጻፍልኝ» አሉት። «እሺ አባባ» አለ። ኑዛዜ እንዴት እንደሚጻፍ ስለማያውቅ ከአንድ ዘመዱ ቤት አሮጌ ኑዛዜ ተውሶ እንደ ናሙና ከፊቱ ዘረጋ። ናሙናው በጥሩ የእጅ ጽሕፈት የተጻፈ፣ ቀን ያለው፣ በየገጹም የተፈረመበት ነበር። አዛውንቱ እንደ ልጅ ላሳደጓት ለእኅታቸው ልጅ በጓሮ ያለችውን ቆርቆሮ ክዳን ቤትና አንድ ጥማድ በሬ ተናዘዙላት። አራት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሰሙ። ጓደኛችን ጽፎ እንደጨረሰ ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። የሚችሉት ፈረሙ፣ የማይችሉት አሻራቸውን አሳረፉ፣ ቡና ተጠጣ፣ ጓደኛችንም ተመረቀ።

አዛውንቱ ባረፉ በዓመቱ የወለዷቸው ልጆች ከከተማ መጥተው ኑዛዜውን ተቃወሙ። ፍርድ ቤቱም ወረቀቱን መርምሮ ፈራሽ ነው አለ። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? አንዲት ዓረፍተ ነገር መጉደሏ ነው። ሰው ቃሉን እየተናገረ ሌላ ሰው የሚጽፍለት ኑዛዜ፣ በሕጉ አጠራር «በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ»፣ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። ይህም ብቻ አይበቃም፤ መነበቡና ቀኑ በኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት። ይህንን የሚደነግገው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 881 ነው። የእኛ ኑዛዜ ሁለት ጊዜ ተነቧል፤ «በተናዛዡና በአራታችን ምስክሮች ፊት ተነበበ» የሚል ቃል ግን የትም የለበትም። ልጅቷ ቤቱን ለቀቀች። አሁን የት እንዳለች ጓደኛችን ያውቃል፤ ሠፈር ሲሄድ ግን በዚያ መንገድ አያልፍም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ጓደኛችን የገለበጠው ናሙና ስሕተት ነበር ወይ? አልነበረም። ቆይተን ስናጣራ የናሙናው ባለቤት ኑዛዜያቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ እጃቸው የጻፉ ሰው ነበሩ። በተናዛዡ ጽሕፈት የሚደረግ ኑዛዜ በቁጥር 884 የሚመራ ሌላ ዓይነት ነው። ሙሉ በሙሉ ተናዛዡ ራሱ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን መግለጽ፣ በየገጹም ቀን ማድረግና መፈረም አለበት፤ ምስክርና ንባብ ግን አያስፈልገውም። ስለዚህ ያ ወረቀት ለባለቤቱ ትክክል ነበር፤ መጻፍ ለማይችሉት አዛውንት ግን የሌላ ሰው ጫማ ሆነባቸው። (ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ በሁለት ምስክር ፊት የሚደረግ የቃል ኑዛዜ። እርሱ ግን ለጥቂት ነገር ብቻ የተፈቀደ ነው፤ ከ3 ወር በኋላም ዋጋ ያጣል።)

ከዚያ ወዲህ ቅጽ ስናይ የምናስቀድመው ጥያቄ «ባዶ ቦታው የት ነው?» የሚለው መሆኑ ቀርቷል። «ይህ ቅጽ ለምን ዓይነት ጉዳይ፣ ለምን ዓይነት ሰው ተዘጋጀ?» እንላለን። ይህ ሳይታወቅ የተሞላ ቅጽ ባዶ ወረቀት ከመያዝ ይብሳል፤ ባዶ ወረቀት የያዘ ሰው ቢያንስ ምንም እንዳልያዘ ያውቃል።

አሁን ቅጽ በነፃ ከየት ይገኛል ወደሚለው እንለፍ። በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ ልምድ ያላቸው ናቸው፤ አንነቅፋቸውም። ነገር ግን ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኛም የሥነ ዜጋ መምህራችን እስኪያሳዩን ድረስ ያላወቅነው ነገር፣ መንግሥት ራሱ ያወጣቸው ናሙናዎች መኖራቸው ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መጽሐፍ ይዛችሁ ወደ መጨረሻው ግለጡ። ቁጥሮቹ ካለቁ በኋላ ሠንጠረዦች ይመጣሉ፤ በእነርሱም ውስጥ ክስ እንዴት እንደሚጻፍ፣ መልስ እንዴት እንደሚሰጥ፣ መጥሪያ ምን እንደሚመስል ናሙናው ታትሟል። ስንቱ ሰው ገንዘቡን የሚከፍልበት ነገር በመጽሐፉ ጀርባ ተቀምጧል! በቤተ መጻሕፍታችን ያለው ቅጂ የፊቱ ገጾች በእጅ ብዛት ጠቁረዋል፤ የኋላዎቹ ግን ገና እንደ ነጡ ናቸው።

የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ቁጥር 222 ክስ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ይናገራል። የፍርድ ቤቱ ስምና ቦታ፣ የከሳሽና የተከሳሽ ስምና አድራሻ፣ ለክሱ ምክንያት የሆነው ነገር ምን እንደሆነ፣ መቼና የት እንደተፈጸመ፣ የተጠየቀው ነገር ግምት፣ በመጨረሻም ፍርድ ቤቱ እንዲወስን የሚፈለገው ዳኝነት። ምስክሮች ከነአድራሻቸው፣ ሰነዶችም በዝርዝር ተያይዘው ይቀርባሉ። የክሱ ቃል እውነት መሆኑም ተረጋግጦ ይፈረማል። ይኸው ነው። ሰዎቻችን ግን ማመልከቻ ሲያስጽፉ ከአያት ቅድመ አያት ይጀምራሉ። በደላቸው ያንገበግባቸዋልና አይፈረድባቸውም። እኛ ጸሐፊዎቹ ታሪኩን በትዕግሥት ከሰማን በኋላ «መቼ? የት? ስንት? ማን አየ? ምን እንዲወሰንልዎ ይፈልጋሉ?» ብለን አምስቱን መጠየቅ አለብን። ዳኛ የሚፈልገው እነዚህን ነው። አንዲት እናት «ምን እንዲወሰንልዎ ይፈልጋሉ?» ስንላቸው «እግዜር ይፍረድበት» ብለውናል። ይህ ዳኝነት ከወረዳው ፍርድ ቤት ሥልጣን በላይ ነው፤ ስለዚህ ቁጭ ብለን የቀለቡን ገንዘብ በወር ስንት እንደሆነ አብረን አሰላን።

በቴሌግራም የሚዘዋወሩ የውል ቅጾችም አሉ። አንዳንዱ ደኅና ነው፣ አንዳንዱ ማን እንዳዘጋጀው አይታወቅም፤ እንዲያውም ከሌላ አገር ሕግ የተገለበጠ ይመስላል። እነዚህን የምናነባቸው ሕጉን ከጎን ዘርግተን ነው እንጂ ብቻቸውን አይደለም። ለምሳሌ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ፣ ወይም ተበዳሪው ካላመነ ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ አይችልም ይላል። በዚያ ዘመን 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን ጎረቤት ለጎረቤት የሚበዳደረው ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ ውስጥ ይገባል። «እኛ እንተማመናለን» የሚሉትን «እንግዲያውማ መተማመናችሁን እንጻፈው» እንበላቸው። ገንዘቡ ሲመለስም እንዲሁ ይጻፍ። በሰው ለሰው ብድር ላይ በወር 10 በመቶ ወለድ የሚል ቅጽ ካመጡልን ደግሞ እጃችንን እንሰብስብ፤ ሕጉ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን አይፈቅድምና፣ አራጣ መጻፍ የመምህር እጅ ሥራ አይደለም።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። ሕግ በጽሑፍ ይሁን ያለው ውል በተዋዋዮቹ መፈረም፣ በሁለት ምስክሮችም መረጋገጥ አለበት። ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው የሚያደርገው ፊርማ ወይም አሻራ ግን በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። በገጠር የምንጽፍለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነው። ስለዚህ «እዚህ ላይ አውራ ጣትዎን ይጫኑ» ብለን ሰውን ማሰናበት ሥራውን ከግማሽ መተው ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ራሳችን ኪስ እንነጋገር። ደመወዝ በጀመርን በወሩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣብን ወረቀት የዋስትና ወረቀት ነው። «አንተ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነህ፣ ለወንድሜ ሥራ መግቢያ ዋስ ሁነኝ፣ ምንም የለውም፣ ለፎርም ያህል ነው» ይሉናል። ይህች «ለፎርም ያህል» የምትባል ቃል ስንቱን አስለቅሳለች! ዋስትና ማለት ሰውየው ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ሕጉ ለዋስ የሰጠው ጥበቃ አለ። ዋስትና በግልጽ ካልተሰጠ አይገመትም፤ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ዋሱ ተጠያቂ የሚሆንበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠንም በውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ የለውም። የመጨረሻው ቁጥር 1922 ላይ ይገኛል። ስለዚህ የገንዘቡ ቦታ ክፍት ሆኖ «በኋላ ይሞላል» የተባለ ወረቀት ላይ አንፈርም። ሌላው የሚያስተውሉት ጥቂቶች ናቸው፤ በቅጹ መካከል «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ ካለ፣ ገንዘብ ጠያቂው ዋናውን ባለዕዳ ሳይነካ በቀጥታ እኛን ሊከስ ይችላል ማለት ነው። ሐረጉ ከሌለ ግን በመጀመሪያ የባለዕዳው ንብረት እንዲፈለግ የመጠየቅ መብት አለን። ሁለት ቃላት ናቸው፤ ልዩነታቸው ግን የስንት ዓመት ደመወዝ ነው። ለመሆኑ ወደ ሥልጠና ስንገባ የፈረምነውን የግዴታ ውል ከመካከላችን ስንቶቻችን አንብበነዋል? በአንድ መኝታ ቤት 12 ልጆች ጠየቅን፤ 2 አነበብን አሉ። እኛ ጸሐፊዎቹ ከአሥሩ ወገን ነበርን።

ቤት ለምንከራይም ሰዎች አንድ ቃል፦ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 በሚሠራባቸው ከተሞች የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከ2 ዓመት ላላነሰ ጊዜ እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል። የስድስት ወር ካልከፈላችሁ የሚል አከራይ ካጋጠመ ይህን በትሕትና ማንሣት ይቻላል።

ውክልናንም እንዲሁ እንለፈው እንጂ አደገኛ ወረቀት ነው። ሰው «ሙሉ ውክልና ጻፍልኝ» ሲል ሁሉን ነገር የሰጠ ይመስለዋል። በሕጉ ግን ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ ያስችላል፤ ቤት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ለመታረቅ፣ ስጦታ ለማድረግ፣ በፍርድ ቤት ለመክሰስና ለመከራከር ልዩ ሥልጣን ተለይቶ መጻፍ አለበት። ከሌላ ሰው ውክልና ስንገለብጥ ደግሞ በተቃራኒው «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚለው አብሮ ይገለበጥና፣ ጡረታ እንዲቀበልላቸው ብቻ የወከሉት ሰው ቤታቸውን ሸጦ ሊገኝ ነው። ውክልና የሚረጋገጠው በሰነድ ማረጋገጫ ቢሮ ስለሆነ፣ ከመጻፋችን በፊት ምን ምን እንደሚፈልጉ እዚያው ሄዶ መጠየቅ ይሻላል፤ ጥያቄ አያስከፍልም።

እንግዲህ የቱ ላይ እንቁም? የቱ ላይ ነው ብዕራችንን አስቀምጠን «ይህስ ጠበቃ ይፈልጋል» የምንለው? ከመምህራኖቻችን ጋር ተነጋግረን ለራሳችን ያበጀነው መለኪያ አለ። ሁለቱም ወገኖች ከተስማሙ፣ ነገሩ ትንሽ ከሆነና ናሙናው ከታወቀ እንጽፋለን። የሚቃወም ሰው ከፊት ከቆመ ግን እናስብበታለን፤ ያም ወገን ጠበቃ ካቆመ ወዲያው እንተዋለን። ቤት፣ መሬት፣ የልጅ አስተዳደግ፣ የሰው ነፃነት፣ እነዚህ አንዴ ከጠፉ በይቅርታ የማይመለሱ ናቸውና በእነርሱ አንደፍርም። አደጋ ደርሶበት ካሣ የሚጠይቅ ሰው፣ ከሥራ የተባረረ ሰው፣ ውርስ የተከለከለ ሰው ሲመጣም መንገዱን እናሳያለን እንጂ ወረቀቱን እኛ አንጽፍለትም።

ከሁሉም የሚብሰው ቀን ነው። አንድ ሰው የፍርድ ቤት ወረቀት ይዞ ሲመጣ ከጉዳዩ በፊት ቀኑን እንይ። በሌለበት ውሳኔ የተሰጠበት ሰው ይህን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ውሳኔው እንዲነሣለት የሚያመለክተው በአንድ ወር ውስጥ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይግባኝ የሚባለውም ፍርዱ ከተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው። የሥራ ክርክርና ሌሎች ጉዳዮች የራሳቸው፣ አንዳንዴም ያጠረ ጊዜ አላቸው። የቱ ጊዜ ለየቱ ጉዳይ እንደሚሠራ ለይቶ የሚያውቀው የሕግ ሰው ነው። ባላገሩ ወረቀቱን በሞሰብ ውስጥ አስቀምጦ አዝመራ ሰብስቦ ይመጣል፤ እኛም «ቅዳሜ ልጻፍልዎ» ብለን ቀጠሮ ብንጨምርበት የቀረችውን ጊዜ የበላነው እኛው ነን።

«ጠበቃ እኮ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ከየት ይምጣ?» ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ጠበቃ መያዝና ጠበቃ መጠየቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለአንድ ጥያቄ፣ ለግማሽ ሰዓት ምክር የሚከፈለው ጉዳዩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከማስያዝ ጋር አይወዳደርም። እኛም ልንረዳ የምንችለው እዚህ ላይ ነው፤ የሰውየውን ወረቀቶች በቀን ተራ አስቀምጠን፣ ታሪኩን በአንድ ገጽ ጽፈን፣ ጥያቄውን ለይተን ብንልከው ጠበቃው ሰዓቱን በማጣራት አይፈጅም። በነፃ የሚገኝም አለ። የሐዋሳ፣ የጅማ፣ የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎችን የመሳሰሉት በሕግ ትምህርት ቤቶቻቸው አማካይነት አቅም ለሌላቸው ነፃ የሕግ አገልግሎት ይሰጣሉ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሴቶችንና ሕፃናትን ይረዳል። ጠበቆችም ራሳቸው ነፃ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ብሎ ነበር። በወንጀል ለተከሰሰና አቅም ለሌለው ሰው ደግሞ ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተጽፏል። የዳኝነት መክፈያ ያጣ ሰውም በደሃ ደንብ ለመክሰስ ሊያመለክት ይችላል፤ ይህም በዚያው በሥነ ሥርዓቱ ሕግ ከቁጥር 467 ጀምሮ ይገኛል። የደሃ ማስረጃውን የሚጽፈው ቀበሌው ስለሆነ፣ ለዚህ እንኳ ጠበቃም መምህርም አያስፈልግም።

አንዳንድ አንባብያን «ስንጽፍ ገንዘብ ብንቀበልስ?» ብለው ጠይቀውናል። አትቀበሉ። የጥብቅና ሥራ በፈቃድ የሚሠራ ነው፤ ለጎረቤት ወረቀት መጻፍ የሠፈር ደንብ ነው፤ ገንዘብ መሐል ከገባ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። እንቁላልና ማር ይዘው ከመጡ ግን እርሱን ለየሰው ኅሊና ትተናል።

ከሥነ ሥርዓቱ ሕግ መጽሐፍ ጀርባ የክስ ማመልከቻውን ናሙና በእጃችን ገልብጠን ከዚሁ ሰሌዳ ግርጌ ሰቅለነዋል። ከጎኑም የቁጥር 881 እና የቁጥር 884 ኑዛዜዎች ልዩነታቸው እንዲታይ ጎን ለጎን ተጽፈዋል፤ ጓደኛችን የጎደለችውን ዓረፍተ ነገር በቀይ አስምሮባታል። መገልበጥ የሚፈልግ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ይምጣ፤ እባካችሁ ነቅላችሁ አትውሰዱ።